የፖሊዶፓሚን ልባስ ላይ ላዩን ብቻ ይጠቁራል፣ መሐሉ ነጭ ነው፦ አዲስ አበባ ውስጥ የሞከራችሁ አላችሁ?

ፈታይዋ | ሰኞ፣ ከምሽቱ 1:40

ጤና ይስጥልኝ።

አምስት ኪሎ አካባቢ በሚገኝ ቤተ ሙከራ የሁለተኛ ዲግሪ ጥናቴን እየሠራሁ ነው። ፖሊካፕሮላክቶን ከሚባል ፕላስቲክ በኤሌክትሮስፒኒንግ (በከፍተኛ ቮልቴጅ ክር በመሳብ) ቀጭን የፋይበር ምንጣፍ እፈትላለሁ፤ ከዚያ ፋይበሩን ከዶፓሚን የሚሠራ፣ ፖሊዶፓሚን የሚባል ቡናማ ልባስ አለብሰዋለሁ። ዓላማው ምንጣፉ የአጥንት ሕዋሳት የሚያርፉበትና የሚባዙበት፣ ቀስ በቀስ እየፈረሰም ቦታውን ለእውነተኛው ህብረ ሕዋስ የሚለቅ ስካፎልድ እንዲሆን ነው። ፖሊካፕሮላክቶን ብዙ መልካም ነገር አለው፤ በቀላሉ ይፈተላል፣ ሰውነት ውስጥ በዝግታ ይፈርሳል። ውሃ ግን አይወድም። ጠብታ ብታሳርፉበት ክብ ሆና ትቀመጣለች እንጂ አትገባም። ሕዋስም በደንብ አይዘውም።

አዘገጃጀቴ የተለመደው ነው፦ በአንድ ሚሊ ሊትር 2 ሚሊ ግራም ዶፓሚን ሃይድሮክሎራይድ፣ 10 ሚሊ ሞላር ትሪስ (ፒኤቹን የሚያረጋጋ ቅመም)፣ ፒኤች 8.5፣ 24 ሰዓት። እ.ኤ.አ. በ2007 ከኖርዝዌስተርን ዩኒቨርሲቲ የእነ ሜሰርስሚዝ ጽሑፍ ከወጣ ጀምሮ ዓለም ሁሉ ሲገለብጠው የኖረ ነው።

ችግሬ ይኸውና። ምንጣፉ ከላይ ሲታይ መልካም ቡናማ ነው። በምላጭ ቆርጬ ጎኑን በአጉሊ መነጽር ሳየው ግን ከላይ አንድ ቡናማ መስመር፣ ከታች አንድ ቡናማ መስመር፣ መሐሉ እንደተፈተለ ነጭ። ቀለሙም በየጽሑፉ ፎቶግራፍ ላይ ከማየው የሳሳ ነው፤ ሳህኑ ግርጌ ደግሞ ጥቁር ዝቃጭ ይከማቻል። አማካሪዬ «ጊዜውን አራዝሚው» አሉኝ። ሲራዘም ዝቃጩ በዛ እንጂ መሐሉ ንቅንቅ አላለም።

አየሩ ነው? ኬሚካሉ ነው? ወይስ ሌላ?

ቡናማ ውሃ | ሰኞ፣ ከምሽቱ 3:05

እህቴ፣ አማካሪሽን ማክበር ደግ ነው፤ ጊዜ ማራዘሙ ግን መድኃኒቱ አይደለም። ልባሱ በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ይወፍራል፣ በ24 ሰዓት ቢበዛ 50 ናኖሜትር ያህል ይደርስና ያዘግማል። ከዚያ ወዲያ የቀረው ዶፓሚን የሚያያዘው ከፋይበሩ ጋር ሳይሆን ፈሳሹ ውስጥ እርስ በርሱ ነው። ያ ዝቃጭ እሱ ነው።

የነጩ መሐል ምክንያት አየር ነው። ደረቁን ምንጣፍ ፈሳሽ ውስጥ ስትነክሪው ውሃው ቀዳዳዎቹን አይሞላም፤ ውሃ በሚሸሽ ፋይበር መሐል የታሰረ አየር ደግሞ በራሱ ፈቃድ አይወጣም። ዶፓሚን ያልደረሰበት ፋይበር በምን ይልበስ? ስለዚህ መጀመሪያ 70 በመቶ ኤታኖል ውስጥ ንከሪው። ድፍን ነጭ የነበረው ምንጣፍ ዓይንሽ እያየ ብርሃን ማሳለፍ ሲጀምር ቀዳዳው ሞላ ማለት ነው። ከዚያ ሳይደርቅ ወደ ውሃ፣ ከውሃ ወደ ትሪስ አሸጋግሪው፤ ኤታኖሉ ታጥቦ እስኪወጣ ውሃውን ለዋውጪ። «ሳይደርቅ» የምትለዋን አስምሪባት፤ ለአፍታ ከደረቀ አየሩ ተመልሶ ይገባል። የቫኩም ፓምፕ ካላችሁም ፈሳሹ ውስጥ እንዳለ አየሩን መምጠጥ ይቻላል።

የቀለሙ መሳሳት ደግሞ ከከተማችን ከፍታ ጋር የተያያዘ ይመስለኛል። ዶፓሚን ወደ ፖሊዶፓሚን የሚለወጠው ፈሳሹ ውስጥ በሟሟ ኦክስጅን አማካይነት ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ የአየሩ ግፊት 101 ሳይሆን ወደ 76 ኪሎ ፓስካል ነው። በ25 ዲግሪ ሴልሺየስ ባሕር ዳር ላይ በአንድ ሊትር ውሃ 8 ሚሊ ግራም የሚያህል ኦክስጅን ሲሟሟ እዚህ 6 ገደማ ነው። ሳህኑ ከተከደነ እሱም ያልቃል። ሰፊ ሳህን ያዢ፣ ፈሳሹ ጥልቀት አይኑረው፣ ክዳኑን ክፈቺው፣ በማወዛወዣ ላይ በዝግታ ይንቀሳቀስ። ክረምት ላይ ክፍላችሁ 17 ወይም 18 ዲግሪ የሚወርድ ከሆነ ቅዝቃዜውም የራሱን ያህል ያዘገያል።

ፒኤቹንም አንዴ ለክተሽ አትተዪው። ዶፓሚን ሲለወጥ ሃይድሮጂን አዮን ይለቃል፤ 10 ሚሊ ሞላር ትሪስ ያንን ሁሉ የመሸከም አቅም የለውም። ከ8.5 ሲንሸራተት ሥራውም አብሮ ይዳከማል።

ሸማኔው | ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 2:20

ቡናማ ውሃ ስለ ከፍታ ያነሱት ለፈትሉም ይሠራል፤ ሰው ግን አያነሳውም። ኤሌክትሮስፒኒንግ የትናንት ነገር አይደለም፤ አንቶን ፎርምሃልስ በአሜሪካ ፓተንት ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1934 ነው። ከመርፌው ጫፍ የሚወጣው ውህድ በ15 ወይም በ20 ኪሎ ቮልት ተስቦ በአየር ላይ እየደረቀ ሰብሳቢው ላይ ያርፋል። አየር ሲሳሳ ግን ኤሌክትሪክን የመቋቋም አቅሙም ይቀንሳል፤ የእኛ አየር የሚችለው ባሕር ጠለል ላይ ያለው ከሚችለው ሦስት አራተኛውን ገደማ ነው። ከጽሑፍ ላይ «20 ኪሎ ቮልት» የሚለውን አንብበሽ እንዳለ ከከፈትሽው መርፌው ሲፍ ሲል ትሰሚያለሽ። መብራት አጥፍተሽ ብታዪ ጫፉ ላይ ሐምራዊ ጭላንጭል አለ፤ የኦዞን ሽታም ይመጣል። ያ ኃይል ክር እየሳበ ሳይሆን አየር እያነደደ ነው። ቮልቴጁን ዝቅ አድርጊ ወይም መርፌውን ከሰብሳቢው አርቂ። አሟሚውም እዚህ ፈጥኖ ይተናል፤ ክሎሮፎርም ለብቻው ከሆነ መርፌው አፍ ላይ ይደርቅና ይደፍናል።

አሁን ደግሞ የማያስደስት ነገር ልናገር። ሁሉም ልባስ ልባስ ሲል ቀዳዳው ተረሳ። የሰው ሕዋስ ብዙውን ጊዜ ከ10 እስከ 20 ማይክሮሜትር ስፋት አለው። ግማሽ ማይክሮሜትር የሚሆን ፋይበር ጥቅጥቅ አድርጋችሁ ስትፈትሉ በመካከሉ የሚቀረው ክፍተት ጥቂት ማይክሮሜትር ብቻ ነው። ሕዋሱ ምንጣፉ ላይ ይተኛል እንጂ ወደ ውስጥ አይወርድም። ታዲያ መሐሉ ጠቆረ አልጠቆረ ማን ሊገባበት ነው? ፋይበሩን አወፍሪው፤ አለበለዚያ ፖሊኢቲሊን ኦክሳይድ ጎን ለጎን ፍተይና በኋላ እሱን በውሃ አሟምተሽ አውጪው፤ ክፍተቱ ይሰፋልሻል። ልባስ ከዚያ በኋላ ይምጣ።

የጠመኔ ሰው | ማክሰኞ፣ ከቀኑ 6:15

ከመስኩ ውጭ ነኝ፤ የሁለተኛ ደረጃ ባዮሎጂ አስተምራለሁ። ይህ ልባስ ሙሰል ከምትባል የባሕር እንስሳ የተቀዳ መሆኑን አንብቤአለሁ። የባሕር እንስሳን ከሰው አጥንት ጋር ምን አገናኘው? ሕዋስስ የሚያርፍበት ነገር ምን ለበሰ አልለበሰ ምን ያስጨንቀዋል? ለተማሪዎቼ ለመንገር ያህል ነው።

ቡናማ ውሃ | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2:00

መምህር፣ ይህን ጥያቄ እስካሁን በዚህ ክር ላይ ማንም አልጠየቀውም ነበርና በመጠየቅዎ ደስ ብሎኛል፤ ረዘም አድርጌ ልመልስ።

ሙሰል ባለ ሁለት ክፋይ ዛጎል እንስሳ ናት፤ ማዕበል በማያባራበት አለት ላይ ትኖራለች። እግሯ በሚያመነጨው ፕሮቲን ቀጫጭን ክሮች ትሠራና በየክሩ ጫፍ ባለው ሙጫ አለቱን ሙጥኝ ትላለች። የሚገርመው መያዟ ሳይሆን በውሃ ውስጥ መያዟ ነው፤ እኛ የምንገዛው ሙጫ እኮ እርጥብ ነገር ላይ ዋጋ የለውም። እ.ኤ.አ. በ1981 ዌይትና ታንዘር በዚያ ፕሮቲን ውስጥ ዶፓ የሚባል አሚኖ አሲድ መኖሩን አሳወቁ። ከአለቱ ጋር ፊት ለፊት በሚገናኘው ፕሮቲን ውስጥ ከአሚኖ አሲዶቹ ሩብ ያህሉ ዶፓ ነው፤ ላይሲንም በብዛት አለ። ዶፓ ካቴኮል የሚባለውን የአቶሞች ቡድን ያመጣል፣ ላይሲን አሚንን። እነ ሜሰርስሚዝ ያሰቡት ሁለቱን በአንድ ትንሽ ሞለኪውል ማግኘት ነበር። ያም ዶፓሚን ሆነ፤ አንጎላችን ውስጥ መልእክት የሚያመላልሰው ራሱ ዶፓሚን። በትንሹ አልካላይን በሆነ ውሃ ውስጥ ሲያሟሙት ብረቱም፣ መስታወቱም፣ ምንም አይጣበቅበትም የሚባለው ቴፍሎን ሳይቀር ለበሰ። የልባሱ ትክክለኛ ውስጣዊ መዋቅር ግን ዛሬም ኬሚስቶችን ያከራክራል። የሚሠራ ነገር ሁሉ ተብራርቶ አላለቀም።

ሕዋሱን በተመለከተ፦ ሕዋስ ፋይበሩን በቀጥታ አይነካውም። ምንጣፉ ደም ወይም ሴረም ሲነካው ፕሮቲኖች ቀድመው ይደርሱና ገጹን ይሸፍኑታል፤ አልቡሚን፣ ፋይብሮኔክቲን፣ ቪትሮኔክቲን። ሕዋሱ ሲመጣ የሚያገኘው ያንን የፕሮቲን ንጣፍ ነው፤ የሚጨብጠውም ኢንቴግሪን በሚባሉ ተቀባዮቹ ነው። ፒየርሽባከርና ሩስላቲ እ.ኤ.አ. በ1984 እንዳሳዩት፣ በዚያ ግዙፍ ፋይብሮኔክቲን ውስጥ ለመጨበጫ ወሳኝ የሆነው ክፍል የሦስት አሚኖ አሲዶች ተርታ ነው፦ አርጂኒን፣ ግላይሲን፣ አስፓርቲክ አሲድ። ፕሮቲኑ ውሃ በሚሸሽ ገጽ ላይም ይጣበቃል፤ ነገር ግን ቅርጹ ይዛባና ያቺ መጨበጫ ልትደበቅ ትችላለች። የልባሱ ቁም ነገር እዚህ ላይ ነው። ሕዋሱን ራሱ አይዝም፤ ፕሮቲኑ መጨበጫውን ወደ ውጭ አድርጎ እንዲቀመጥ ያመቻቻል።

ሸማኔው | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2:25

ግሩም ማብራሪያ ነው። መጨበጫው ጋ ለመድረስ ግን በር ያስፈልጋል። ቀዳዳ!

ስፌትና መቀስ | ረቡዕ፣ ከሌሊቱ 5:50

ከተረኝነት መልስ ነው የምጽፈው፤ ቃላቴ ሻካራ ከሆነ ይቅርታ።

ቀዶ ሐኪም ነኝ፤ ከማያቸው ሕመምተኞች ብዙዎቹ በቃጠሎ የተጎዱ ናቸው። የፈላ ውሃ የተደፋባቸው ሕፃናት፣ የሚጥል በሽታ ይዟቸው ምድጃ ላይ የወደቁ እናቶች። ከጭናቸው ቆዳ ልጠን እንሸፍናለን፤ ቃጠሎው ሰፊ ሲሆን ግን የሚላጥ ጤነኛ ቆዳ ያጥረናል። ስለዚህ ስካፎልድ የሚባል ነገር ስሰማ ጆሮዬ ይቆማል። ያናስና በርክ እ.ኤ.አ. በ1981 ሰው ላይ ያዋሉት፣ ከላም ኮላጅንና ከሻርክ በሚወጣ ንጥረ ነገር የተሠራው የቆዳ ምትክ እ.ኤ.አ. በ1996 አሜሪካ ውስጥ ፈቃድ አግኝቷል፤ ኢንቴግራ ይባላል። ዋጋው ለእኔ ሕመምተኛ የሚቀመስ አይደለም። እዚሁ የሚሠራ ነገር ቢገኝ የመጀመሪያው ደንበኛ እኔ ነኝ።

ለቁስል ካሰባችሁት ግን ጥቁር ነገር አታምጡልኝ። ቁስል የምናነበው በቀለም ነው፤ ቀዩ ሥጋ እያገገመ ነው፣ ቢጫው መግል ነው፣ ጥቁሩ የሞተ ነው። በቡናማ ምንጣፍ ሥር ኢንፌክሽን ሲጀምር ምኑን አይቼ ልወቅ? ማምከኑስ? ፖሊካፕሮላክቶን በ60 ዲግሪ አካባቢ ይቀልጣል፤ በእንፋሎት የሚያመክነው አውቶክሌቭ ግን 121 ነው። ኤቲሊን ኦክሳይድ የሚባል ጋዝ አለ፣ ጋማ ጨረር አለ፤ ከዚያ በኋላ ልባሱ እንደነበረ መቆየቱን ማን ለክቶ ይነግረኛል? የእናንተ ሰዎች ስለ ማምከን የሚጽፉት ከጽሑፋቸው ግርጌ አንድ መስመር ነው። እኔ ዘንድ ግን መጀመሪያ የምጠይቀው እሱን ነው።

ፈታይዋ | ረቡዕ፣ ከቀኑ 7:30

ዶክተር፣ ከተረኝነት ወጥተው ጊዜ ሰጥተው ስለጻፉ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የቀለሙ ነገር በየትኛውም ጽሑፍ ላይ አልገጠመኝም ነበር፤ ከዛሬ ጀምሮ ማስታወሻዬ ላይ አለ። የእኔ ምንጣፍ ግን ለቆዳ አይደለም። ያሰብኩት የጥርስ ሐኪሞች የመንጋጋ አጥንት ሲሳሳ በድዱና በአጥንቱ መካከል የሚያስገቡትን ዓይነት ለይ ንጣፍ ነው። ድድ ከአጥንት ፈጥኖ ስለሚያድግ ባዶውን ቦታ ቀድሞ ይሞላዋል፤ ንጣፉ እሱን ከልክሎ ለአጥንቱ ጊዜ ይገዛል።

ሸማኔው ላነሱት መልሴም እዚሁ ላይ ነው። በድድ በኩል ያለው ገጽ ቀዳዳው ጠባብ መሆን አለበት፤ የድዱ ሕዋስ እንዳያልፍ የተፈለገ ነገር ነው። በአጥንት በኩል ያለው ግን እርስዎ እንዳሉት መስፋት አለበት። ስለዚህ ቀዳዳው አልተረሳም፤ በሁለቱ ፊት አንድ ዓይነት አይደለም እንጂ።

መሐሉ ለምን አሳሰበሽ ለሚለው፦ ፖሊዶፓሚኑ ለእኔ መነሻ ንጣፍ ነው። በላዩ የአጥንት ማዕድን እንዲበቅልበት እፈልጋለሁ። እ.ኤ.አ. በ1990 ኮኩቦ ያስተዋወቀው የሰውነት ፈሳሽ አምሳያ አለ፤ አዮኖቹ ከደም ፕላዝማ ጋር የተቀራረቡ፣ ፒኤቹ 7.4፣ ሙቀቱ 37 ዲግሪ የሚያህል። ካቴኮሉ ካልሲየም ይስባል፣ ካልሲየሙ ፎስፌት ያስከትላል፣ ሃይድሮክሲአፓታይት የሚባለው የአጥንት ማዕድን ይጀመራል። የኮሪያ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2010 ይህን በተለያዩ ቁሶች ላይ አሳይተዋል። መሐሉ ካልለበሰ ማዕድኑ ላይ ላዩን ቅርፊት ይሠራል፤ ምንጣፉ ሲታጠፍ ደግሞ ቅርፊቱ ይሰነጠቃል። ይህን በእጄ ይዤ አይቼዋለሁ፤ በጣት ስታጥፉት ነጭ ዱቄት ይረግፋል።

ሻይ ቅጠል | ረቡዕ፣ ከምሽቱ 12:45

ዶፓሚን ላይ ሙጭጭ ማለት ለምን አስፈለገ? ውድ ነው፣ ኦክስጅን ይፈልጋል፣ ይጠቁራል። ሳይታጠብ ያደረ የሻይ ብርጭቆ ላይ የሚቀረው ቡናማ ቅብ ምንድን ነው? የዕፅዋት ፖሊፌኖል ነው፤ ያውም መስታወት ላይ። ራሳቸው የሜሰርስሚዝ ቡድን እ.ኤ.አ. በ2013 ታኒክ አሲድን ጨምሮ ከዕፅዋት ፖሊፌኖሎች ቀለም አልባ ልባስ መሥራት እንደሚቻል አሳይተዋል። ዶክተር፣ ቀለም አልባ! በዚያው ዓመት ከሜልቦርን የካሩሶ ቡድን ታኒክ አሲድን ከብረት አዮን ጋር አደባልቆ ወዲያውኑ የሚይዝ ስስ ልባስ አወጣ። ይኸኛው ይጠቁራል፤ ግን የሚሠራው ታኒኩ ብረቱን በመያዙ እንጂ በኦክስጅን አይደለም። አዲስ አበባም ሆነ ጅቡቲ ላይ ያው ነው። በዋጋ ደረጃ ታኒክ አሲድን ከዶፓሚን ጋር ማወዳደርም አያስፈልግም።

ስፌትና መቀስ | ረቡዕ፣ ከምሽቱ 3:30

ታኒክ አሲድ ለቃጠሎ ሐኪም እንግዳ ስም አይደለም። ዴቪድሰን የሚባል አሜሪካዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1925 ቃጠሎን በታኒክ አሲድ ማከም አስተዋውቆ ለዓመታት በየአገሩ ተሠርቶበታል። በ1940ዎቹ ጉበት እንደሚጎዳ ሲታወቅ ተተወ። እርግጥ ያኔ ሰፊ ቁስል ሙሉ በሙሉ በታኒክ አሲድ ይነከር ነበር፤ እናንተ የምታወሩት የናኖሜትር ንጣፍ ነው። መጠን ሁሉን ይለውጣል፣ አውቃለሁ። ይሁንና ከንጣፉ በቀን ስንት እንደሚለቀቅ ቁጥሩን ይዛችሁ ኑ። ቀለም አልባ መሆኑ ግን ደስ ብሎኛል።

ቡናማ ውሃ | ሐሙስ፣ ከጠዋቱ 1:50

ሻይ ቅጠል ያሉት በመሠረቱ ልክ ነው፤ ሁለት ነገር ልጨምርበት። የታኒክና የብረቱ ልባስ አሲድ ውስጥ ይፈታል፤ ፒኤቹ ዝቅ ሲል ብረቱ ይለቃል። ኢንፌክሽን ባለበት ወይም አጥንት በሚሟሟበት ቦታ አካባቢው አሲዳማ ሊሆን ይችላል። መድኃኒት እዚያው እንዲለቀቅ ለሚፈልግ ሰው ይህ ጥሩ ነው፤ ማዕድን ሊያበቅልበት ለሚፈልግ ሰው ግን መሠረቱ የሚናድ ቤት ነው። ሌላው፣ ቆዳ ፋብሪካ ታኒን የሚጠቀመው ፕሮቲንን አጥብቆ ስለሚይዝ ነው። ለጠመኔው ሰው የነገርኩትን ያስታውሱታል፤ የምንፈልገው ፕሮቲኑ መያዙን ብቻ ሳይሆን ቅርጹን ሳያጣ መያዙን ነው።

ፈታይዋ፣ ወደ ሕዋስ ሙከራ ስትገቢ አንድ ወጥመድ አለ። ኤምቲቲ የሚባለው መለኪያ የሚሠራው ሕያው ሕዋስ ቢጫውን ቀለም ወደ ሐምራዊ ሲለውጥ ነው። ካቴኮልና ፖሊፌኖል ግን ሕዋስ ሳይኖርም ያንኑ ቀለም መለወጥ ይችላሉ። ልባስ ያለው፣ ሕዋስ የሌለበት ምንጣፍ አብረሽ ካልለካሽ ልባሱ ራሱን እንደ ሕዋስ ያስቆጥርልሻል። «ልባሱ የሕዋስ ቁጥር ጨመረ» የሚል ጽሑፍ ሳነብ መጀመሪያ የምፈልገው ያንን መቆጣጠሪያ ነው፤ ሁልጊዜ አላገኘውም።

መደርደሪያ | ሐሙስ፣ ከቀኑ 5:10

የቤተ ሙከራ ዕቃ ግምጃ ቤት ኃላፊ ነኝ፤ ሳይንሱን ለእናንተ ትቼ ስለ ብልቃጡ ልናገር። ዶፓሚን ሃይድሮክሎራይድ ነጭ ዱቄት መሆን አለበት። እኔ ዘንድ ከአንድ አቅራቢ የመጣ ብልቃጥ ሲከፈት ግራጫ ሆኖ ተገኝቷል፤ ጉምሩክ መጋዘን ውስጥ ከሙቀትና ከእርጥበት ጋር ሲሟገት የከረመ ነው። አቅራቢው «ያው ነው» አለ። ያው አይደለም። ስትረከቡ ቆንጥራችሁ በተጣራ ውሃ አሟሙት፤ ውሃው ጥርት ካላለ አትፈርሙ። ትልቁን ብልቃጥ በየጊዜው ከመክፈትም በትናንሽ ብልቃጥ ከፋፍሎ፣ አየር እንዳይገባ ዘግቶ፣ በቅዝቃዜና በጨለማ ማስቀመጥ ይሻላል።

ማወዛወዣው ሌሊት መብራት ሲጠፋ ይቆማል፣ ሲመጣም በራሱ የማይነሳ ዓይነት አለ። ጠዋት ስትገቡ እየዞረ ባታገኙት በኬሚካሉ አትማረሩ።

ዶክተሩ አውቶክሌቭ ስላነሱ፦ ፖሊካፕሮላክቶን ባይገባበትም መቆንጠጫውና ብልቃጡ ይገባሉ። የግፊት መለኪያው የሚያሳየው ከውጭው አየር በላይ ያለውን ብቻ ነው። ባሕር ጠለል ላይ 103 ኪሎ ፓስካል ሲያሳይ 121 ዲግሪ ደርሷል ማለት ነው፤ እዚህ 128 አካባቢ ካላሳየ አልደረሰም። ቴርሞሜትር የሌለው አሮጌ አውቶክሌቭ ያላችሁ ልብ በሉ።

ፈታይዋ | ከሁለት ሳምንት በኋላ፣ እሑድ፣ ከቀኑ 9:00

የደረስኩበትን ላካፍል።

ኤታኖሉ ሠርቷል። ቀጫጭኖቹ ምንጣፎች ሲቆረጡ ከዳር እስከ ዳር ቡናማ ናቸው። ወፍራሞቹ ላይ መሐል ገረጣ ያለ መስመር አሁንም ይታያል፤ ወደ መሐል በገባ ቁጥር ቀለሙ ቀስ እያለ ይሳሳል እንጂ እንደ ድሮው ድንገት አይቆረጥም። አየሩ ወጥቷል፤ ዶፓሚኑ ግን መንገድ ላይ ከውጭኛው ፋይበር ጋር እየተያያዘ መሐል ሳይደርስ የሚያልቅ ይመስለኛል። ስለዚህ ወፍራሙን ትቼ ቀጫጭኖቹን ካለበስኩ በኋላ ለመደራረብ አስቤአለሁ። ሰፊው ሳህንና ክፍት ክዳኑ ቀለሙን በግልጽ አጥቁረውታል፤ ዝቃጩም አብሮ ስለጨመረ ፈሳሹን በመሐል በአዲስ እለውጣለሁ።

ለጠብታው መለኪያ የሚሆን መሣሪያ የለንም። ስልኬን በመጻሕፍት ደግፌ ከጠብታዋ ጎን ትክክል አስቀመጥኩት፣ ከኋላ ነጭ ወረቀትና መብራት አደረግሁ፤ ጠብታዋ ከምንጣፉ ጋር የምትሠራውን ማዕዘን ኢሜጅ ጄ በተባለው ነፃ ፕሮግራም ለካሁ። ያልለበሰው ላይ ጠብታዋ ክብ ሆና ትቆያለች፣ ሳህኑን ባዘነብለው እንኳ አትወርድም። የለበሰው ላይ ማዕዘን ለመለካት ጊዜ አትሰጥም፤ ፎቶግራፉን ሳላነሳ ሰምጣ ታልቃለች። ለዚህ ቪዲዮ ነው የሚያዋጣው።

ቮልቴጁንም ዝቅ አድርጌዋለሁ። ሲፍታው ጠፍቷል፣ ፋይበሩም ወጥ ሆኗል። ሕዋስ የሌለበትን የኤምቲቲ መቆጣጠሪያ ሠርቼ ነበር፤ እውነትም ሐምራዊ ሆነ። ስለዚህ ሕዋስ በዲኤንኤ መጠን ለመቁጠር ከአማካሪዬ ጋር ተስማምተናል። ዶክተር፣ የማምከኑ ጥያቄ ከጽሑፌ ግርጌ ወጥቶ ራሱን የቻለ ምዕራፍ ሆኗል፤ ከማምከን በፊትና በኋላ ያንኑ ጠብታና ያንኑ ማዕድን እለካለሁ። ኤቲሊን ኦክሳይድ የሚሠራ ቦታ የሚያውቅ ካለ በውስጥ መልእክት ቢጠቁመኝ።

የቀረኝ የተቆረጠውን ጎን በስካኒንግ ኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ማየት ነው። ምላጩ ፋይበሩን እየደፈጠጠ አስቸግሮኛል፤ ቀዳዳው የተደፈነው በልባሱ ይሁን በምላጩ መለየት አቃተኝ።

ቡናማ ውሃ | እሑድ፣ ከምሽቱ 1:15

በምላጭ አትቁረጪው። ምንጣፉን በውሃ አርሰሽ ፈሳሽ ናይትሮጂን ውስጥ ንከሪውና በሁለት መቆንጠጫ ስበሪው፤ ፋይበሩ ሳይደፈጠጥ ጥርት ብሎ ይሰበራል። ናይትሮጂኑ ከብት የሚያዳቅሉ ሰዎች ዘንድ አለ፤ የከብት ዘር የሚያስቀምጡት በእሱ ነው። የራስሽን መያዣ ይዘሽ ሂጂ፣ ክዳኑን ጥርቅም አድርገሽ እንዳትዘጊው ብቻ፤ ጋዙ መውጫ ካጣ ይፈነዳል። ከተሰበረ በኋላ በረዶው በቫኩም ይውጣ፤ ለማይክሮስኮፕ የሚገባው ደረቅ ናሙና ነው።

ሸማኔው | እሑድ፣ ከምሽቱ 1:40

ማይክሮስኮፑ ሥር ከገባ አይቀር የሁለቱንም ፊት ቀዳዳ ለየብቻ ለኪና ቁጥሩን እዚህ ለጥፊልን። የድዱ በኩል ከ10 ማይክሮሜትር ካለፈ እንደገና እንነጋገራለን።